ሠላሳ ጭረት

ኒው ቤድፎርድ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ጠረፍ ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ መርከበኞቿ ሦስትና አራት ዓመት ባሕር ላይ እየቆዩ ዓሣ ነባሪ ያድኑ ነበር። ስቡን እዚያው መርከብ ላይ አቅልጠው፣ በበርሜል ሞልተው ይመለሳሉ፤ ዘይቱ ደግሞ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሰው ቤት መብራት ይሆናል። በዚህ ንግድ የሃውላንድን ቤተሰብ ያህል የከበረ በከተማዋ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1865 (ከአንድ የእኛ ዘመን በቀር እዚህ የሚጠቀሰው ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) ከዚያ ቤተሰብ ሀብት ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ወይዘሪት ሲልቪያ አን ሃውላንድ አረፉ። ባል አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም፤ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በአከርካሪ ሕመም ሲሰቃዩ፣ በአስታማሚ እጅ ነበር የኖሩት። የተዉት ሀብት ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

የቅርብ ሥጋ ዘመዳቸው አንዲት ብቻ ነበረች፦ የእህታቸው ልጅ ሄቲ ሮቢንሰን። ሄቲ ያኔ የ30 ዓመት ሴት ናት። በልጅነቷ ዓይናቸው ለደከመ አያቷ የአክሲዮን ዋጋ ከጋዜጣ ታነብላቸው ነበር ይባላል፤ እኩዮቿ ተረት ሲሰሙ እሷ ወለድና ትርፍ እየሰማች አደገች። እናቷ ሞታለች፤ አባቷን ከቀበረች ሦስት ሳምንት አልሞላትም። አሁን ደግሞ አክስቷ። በሐዘን ላይ ሐዘን ነው፤ ግን ሄቲን የሚያውቁ ሁሉ ዓይኗ ወዴት እንዳለ ያውቁ ነበር። ኑዛዜው ተከፈተ፣ ተነበበ። ሄቲ የሰማችውን ማመን አቃታት።

ኑዛዜው በ1863 የተጻፈ ነው። ከሀብቱ ግማሽ ያህሉ ለሌላ ሰውና ለሌላ ጉዳይ ተደልድሏል፦ ለከተማዋ የውሃ መስመርና ለቤተ መጻሕፍት፣ ለባልቴቶችና ለወላጅ አልባ ሕፃናት፣ ሲልቪያን ላስታመሙና ላገለገሉ ሰዎች። የቀረው አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ በባለአደራ እጅ ይቀመጣል፤ ሄቲ እስከ ዕለተ ሞቷ ገቢውን ትበላለች፣ ዋናውን ግን አትነካም። ወተቱን ትጠጣለች እንጂ ላሟን አትሸጥም ማለት ነው። እሷ ስትሞት ዋናው ገንዘብ ለሲልቪያ አያት ለጌዲዮን ሃውላንድ ተወላጆች ይከፋፈላል። ከእነዚህ ወራሾች ብዙዎቹ ያን ጊዜ አልተወለዱም፤ የተወለዱትም ቢሆኑ ድርሻ እንዳላቸው የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። ጠበቃ የላቸው፣ ተቆርቋሪ የላቸው። ሄቲ ግን ነበራት፤ ከጠበቃም ሌላ አንድ ወረቀት ነበራት።

ወረቀቱ በጃንዋሪ 1862 ከተደረገ የቆየ ኑዛዜ ጋር ነው የመጣው። በዚያ የቆየ ኑዛዜ ሀብቱ ከሞላ ጎደል ለሄቲ ነው፤ ጽሑፉ የራሷ የሄቲ እጅ ነው፣ ፊርማው የአክስቷ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ አያስቸግርም፤ በኋላ የመጣ ኑዛዜ የፊተኛውን ይሽራል፣ አለቀ። ግን ሄቲ ያቀረበችው «ሁለተኛ ገጽ» የሚባል ቅጠል ነበር፤ ሲልቪያ በዚያ ገጽ ላይ «ከዚህ በፊትም ሆነ ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ኑዛዜ ሁሉ ሽሬአለሁ» ሲሉ ይታያሉ። በኋላ የሚመጣውን ኑዛዜ ገና ሳይመጣ መሻር! እንደዚህ ያለ ወረቀት ከሳጥን ወጥቶ ሲገኝ፣ የትም አገር ያለ ወራሽ ልቡ መምታቱ አይቀርም።

ሄቲ ለነገሩ መልስ ነበራት። «አክስቴና እኔ ኑዛዜ ተለዋውጠናል» አለች። እሳቸው የእሷን ይዘዋል፣ እሷ የእሳቸውን ይዛለች፤ ማንኛቸውም ለሌላዋ ሳያስታውቁ አዲስ ኑዛዜ ላያደርጉ ቃል ተገባብተዋል። ሁለተኛው ገጽ የዚያ ውል ማስረጃ ነው፤ ደግሞም በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቷል፣ ሁለቱም ላይ የሲልቪያ ፊርማ አለ። ምስክር ግን የለበትም። በማሳቹሴትስ ሕግ ኑዛዜ ሦስት ምስክር ይፈልግ ስለነበር ወረቀቱ እንደ ኑዛዜ ሊቆም አይችልም፤ እንደ ውል ግን ሊያስኬድ ይችል ይሆናል። (የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 ደግሞ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት ይላል።) ሄቲ የኑዛዜው አስፈጻሚ የነበሩትን ቶማስ ማንዴልን ከሰሰች። አስፈጻሚው ወገን የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ ፊርማው ፎርጅድ ነው።

ማለቱ ቀላል ነው። ማስረዳቱስ?

ፊርማው የሲልቪያን ፊርማ ይመስል ነበር። ችግሩም ይኼ ነው። ባንክ ቤት ሄዶ «ፊርማህ አይመሳሰልም» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው፤ ሁላችንም ያልተመሳሰለ ፊርማ የሐሰት ምልክት ነው በሚል እምነት አድገናል። የኒው ቤድፎርድ ጠበቆችም ከዚህ የተለየ አላሰቡም። ፊርማዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነት ፈለጉ፤ የፊደሉን ጅማሬ፣ የጅራቱን መጠምዘዝ፣ የቀለሙን ውፍረት አዩ። ልዩነት አልነበረም። ባዩት ቁጥር ይበልጥ አንድ ሆነባቸው።

አስፈጻሚው ወገን ባለሙያ ጠራ፤ በመዳብ ላይ ጽሑፍ የሚቀርጹ፣ የእጅ ጽሑፍ የሚያስተምሩ፣ የፊርማ ፎቶግራፍ የሚያነሱ ሰዎች። ብዙዎቹ «ተቀድቷል» አሉ። አንድ ሰው እውነተኛውን ፊርማ ከሥር፣ ባዶውን ወረቀት ከላይ አድርጎ በብርሃን ፊት ተከትሎታል ማለታቸው ነው። የጂኦግራፊ ደብተሩን መስኮት መስታወት ላይ ለጥፎ የኢትዮጵያን ካርታ የቀዳ ተማሪ ይህን ዘዴ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ቀድሞ በእርሳስ በስሱ ይነካል፣ ከዚያ በቀለም ይደገማል፣ እርሳሱ ይጠፋል። እንግዲያው ከቀለሙ ሥር የእርሳስ ቅሪት ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ።

የሄቲ ጠበቆች ይህን ቀድመው አስበውበት ነበር። ወረቀቱን ለሁለት ታላላቅ ሰዎች አሳዩ። አንደኛው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ናቸው፤ የሃርቫርድ የአናቶሚ ፕሮፌሰር፣ በዚያ ላይ ስማቸው የተጠራ ደራሲ። ሁለተኛው ሉዊ አጋሲ፤ ዓለም አንድ ጊዜ በበረዶ ተሸፍና ነበር የሚለውን ሐሳብ ካስፋፉት አንዱ የሆኑት ትውልደ ስዊዝ የተፈጥሮ ተመራማሪ። ሁለቱም በማይክሮስኮፕ አጎንብሰው ቀለሙን ጭረት በጭረት መረመሩ። ሁለቱም ቀና ብለው ያሉት አንድ ነበር፦ የእርሳስ ምልክት የለም።

አጋሲን ማን ያስተባብላል? ማይክሮስኮፕንስ? የአስፈጻሚው ወገን የደረደራቸው ምስክሮች «ለእኔ የተቀዳ ይመስለኛል» ከማለት ያለፈ አልነበራቸውም፤ «ይመስለኛል» ደግሞ በሌላ «ይመስለኛል» ይፈርሳል። ያልተወለዱት ወራሾች ሀብት በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ክሩ እየሳሳ ሄደ።

የሚገርመው መፍቻው ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይናቸው ሥር መቀመጡ ነው። የሁለተኛው ገጽ ፊርማ ከአንድ ልዩ ፊርማ ጋር ነበር የሚመሳሰለው፤ አክስት ሲልቪያ ከጻፏቸው ፊርማዎች ሁሉ ጋር እኩል አይመሳሰልም። ከዚያው ከ1862ቱ ኑዛዜ ፊርማ ጋር ግን አንዱ የሌላው ጥላ እስኪመስል ድረስ ይገጥማል። ጥርጣሬው እውነት ከሆነ የተቀዳው ከዋናው ጋር አብሮ፣ በአንድ ጥቅል ታስሮ ፍርድ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ይህን ዕድል ካልነው ዕድል ነበር፤ ዋናው ፊርማ ተደብቆ ወይም ተቃጥሎ ቢሆን የሚቀጥለው ነገር ሁሉ ባልሆነ። ግን ዕድሉን የሚጠቀምበት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ልዩነት መፈለጉን ትቶ፣ ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ የሚጠይቅ። ከመጠን በላይ መመሳሰልስ ምን ያህል ነው?

ቤንጃሚን ፐርስ በዚያ ዘመን አሜሪካ ካሏት የሒሳብ ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ነበሩ፤ በሃርቫርድ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር። የከዋክብትን መዛባት በስሌት የሚይዙ ሰው ናቸው፤ አንድ ተመልካች አንድን ኮከብ አሥር ጊዜ ቢለካ አሥሩ ልኬት አሥር ዓይነት እንደሚሆን፣ መዛባቱ ግን የራሱ ሥርዓት እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃሉ። የሰው እጅም እንደ ኮከብ ተመልካች ዓይን ቢሆንስ? አንድ ሰው ስሙን አርባ ጊዜ ቢጽፍ አርባ ጊዜ ይዛባል። መዛባቱ ይቆጠራል። የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ይሰላል።

መቁጠሩ ለልጃቸው ለቻርልስ ደረሰ። ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ ያኔ 27 ዓመቱ ነው፤ ወደፊት የፕራግማቲዝም ፍልስፍና አባት ተብሎ ስሙ በመጻሕፍት የሚጻፍ ወጣት፣ ለጊዜው ግን የአባቱ ቆጣሪ። ከሲልቪያ እውነተኛ ፊርማዎች 42ቱ ፎቶግራፍ ተነሱለት። ፎቶዎቹን ሁለት ሁለቱን እያነሣ አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ነበረበት። ግን ደርቦ ምን ይቆጥራል? «ይመሳሰላሉ» ቁጥር አይደለም። ቻርልስ የያዘው ብዕሩ ወደ ታች የሚወርድባቸውን ጭረቶች ነበር። «ሲልቪያ አን ሃውላንድ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ፣ በእሳቸው እጅ፣ ሠላሳ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ፊርማ ሲደረብ ከሠላሳው ስንቱ ገጠመ? ጥያቄው ይህ ብቻ ሆነ።

አንባቢ ቢሞክረው አይከፋም። አንድ ወረቀት ላይ እንደ ልማድ ይፈርሙ፣ ሌላ ወረቀት ላይ ይድገሙ፣ ሁለቱን ደርበው መስኮት ላይ ያንሱ። የመጀመሪያው ፊደል ምናልባት ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለተኛው ትንሽ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ሦስተኛው አንገቱን ያነሣል፣ መጨረሻው ላይ ያለችው ጭራ አንዷ አጭር ሌላዋ ረጅም ትሆናለች። የራስ ፊርማ ነው፤ ግን አይገጥምም። ቻርልስ ይህን 861 ጊዜ አደረገው። 42 ፊርማ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሲገናኝ 861 ጥንድ ይሆናል፤ በየጥንዱ 30 ጭረት፣ በድምሩ 25,830 ጭረት። ዓይንን የሚያደክም፣ ሰው ሲያየው የእብድ ሥራ የሚመስል ሥራ ነው። መዝገቡ ሲዘጋ የገጠሙት ጭረቶች 5,325 ሆኑ።

ከአምስት አንድ መሆኑ ነው። በአማካይ ሁለት የሲልቪያ ፊርማ ቢደረብ ከሠላሳው ጭረት ስድስቱ ያህል ይገጥማሉ፤ ሃያ አራቱ ይሳሳታሉ። አንዳንዱ ጥንድ ከዚያ ይበልጣል፣ አንዳንዱ ያንሳል፤ አባትዬው ቁጥሩ እንዴት መበታተን እንዳለበት በስሌት ሲያወጡት የልጃቸው ቆጠራ ከስሌቱ ጋር ተቀራርቦ ተገኘ። እጅ የራሱ ሕግ ነበረው። ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ጥንድ ነው፤ የ1862ቱ ኑዛዜ ፊርማና የሁለተኛው ገጽ ፊርማ። ቻርልስ ደረባቸው።

ሠላሳ ከሠላሳ።

በ1867 ቤንጃሚን ፐርስ ቀርበው ምስክርነታቸውን ሰጡ። ሁለት እውነተኛ ፊርማዎች በአጋጣሚ እንዲህ የሚገጥሙት በ2,666 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን አንዴ ነው አሉ። 2,666 ብለው ከኋላው 18 ዜሮ ይደርድሩ። (በዛሬ ካልኩሌተር አምስትን ለራሱ ሠላሳ ጊዜ ብናባዛ የሚመጣው 931 ከነ18 ዜሮው ነው፤ የፕሮፌሰሩ ቁጥር ከየት እንደመጣ ለማግኘት ትንሽ መድከም ያስፈልጋል። የዘመኑ ታላቅ የሒሳብ ሰው መሆን ከማባዛት ስህተት አያድንም።) በትንሹ ቁጥር እንኳ ብንሄድ፣ ሲልቪያ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ በየሰከንዱ ሁለት ሁለት ፊርማ ሲፈርሙ ቢኖሩ እንዲህ ያለ ጥንድ እስከ ዛሬ ባልገጠማቸው። ፕሮፌሰሩም የነገሩት ይህንኑ ነበር፦ እንዲህ ያለ አጋጣሚ በሰው ሕይወት ውስጥ ቦታ የለውም።

ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ልዩነት ሲፈልግ የቆየበት ፊርማ፣ ልዩነት ስለሌለው ተያዘ። እስከዚያ ቀን በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ የዕድል ስሌት ለፊርማ ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ የተለመደ አልነበረም። የሄቲ ጠበቆች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የቀድሞውን ፕሬዚዳንት የጆን ኩዊንሲ አዳምስን ቼኮች ሰብስበው መጡ። የአዳምስ ፊርማዎች እርስ በርስ ሲደረቡ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይገጥሙ ነበር፤ አዳምስን ደግሞ ፎርጅድ ሠራ የሚል የለም። እንግዲያው፣ አሉ ጠበቆቹ፣ ረጋ ያለ እጅ ያለው ሰው ይኖራል።

ክርክሩ መልካም ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980፣ ሜየርና ዜብል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን የፐርስን ስሌት መርምረው ደካማውን ጎን አገኙት፦ ሠላሳው ጭረት ሠላሳ የተለያየ ዕጣ አይደለም። በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ብዕር የተጻፉ ሁለት ፊርማዎች አብረው ይረጋሉ፣ አብረው ይንቀጠቀጣሉ፤ የመጀመሪያዋ ጭረት ከገጠመች ሁለተኛዋ የመግጠም ዕድሏ ይጨምራል። በተለይ የመከራከሪያው ወረቀቶች አብረው ተዘጋጁ ከተባለ። ያን ያህል ዜሮ መደርደሩ ከልክ ያለፈ ነበር። ግን ዜሮዎቹን ግማሹን ብናነሣላቸውም፣ ሠላሳ ከሠላሳ መሆኑ ያው ነው። በ861 ጥንድ ውስጥ እንደዚያ ያለ አልተገኘም።

ከተማው፣ ጋዜጣው፣ የሃውላንድ ዘመዶች ሁሉ ዳኛውን ጠበቁ። ዳኛው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ናታን ክሊፈርድ ነበሩ፤ ዳኝነቱን የያዙት በፌዴራሉ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። በ1868 ውሳኔያቸውን ሰጡ። ሄቲ ተረታች። ፊርማው ሐሰት ነው ወይስ እውነት? ዳኛው አላሉም።

አንድም ቃል አላሉም። ማይክሮስኮፑ፣ 25,830ው ጭረት፣ የፕሬዚዳንቱ ቼክ፣ የፕሮፌሰሩ 18 ዜሮ፣ ሁሉም መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ዳኛው የያዙት ከዚህ ሁሉ የሚያንስ የሚመስል ሌላ ነገር ነበር። በ1865 ኮንግረሱ ያወጣው ሕግ፣ በሟች ንብረት አስፈጻሚ ላይ የሚከራከር ሰው ከሟች ጋር ስላደረገው ጉዳይ ለራሱ እንዲመሰክር አይፈቅድም ነበር፤ ተቃራኒው ወገን ወይም ፍርድ ቤቱ ካልጠራው በቀር። የሕጉ ሐሳብ ከእኛ ሽማግሌ አፍ የሚወጣ ያህል ቀላል ነው፦ ሟች መልስ የማይሰጥበትን ነገር ሕያው ብቻውን አይናገር። «ከአክስቴ ጋር ኑዛዜ ተለዋውጠናል» የሚለው ውል ከሄቲ ቃል በቀር ምስክር አልነበረውም። ቃሏ ሲወጣ ውሉ ወደቀ። ውሉ ሲወድቅ ፊርማው እውነት ሆነ ሐሰት የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ቻርልስ ፐርስ ይህን ሲሰማ ምን አለ ይሆን? ያን ሁሉ ጭረት ቆጥሮ፣ በሩን የዘጋችው አንዲት የማስረጃ ሕግ። እኔ ግን በዚያች ሕግ እደነቃለሁ። ፕሮፌሰር ፐርስን ለመጥራት አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ጉዳይ ያስፈልጋል፤ ያቺ ሕግ ግን ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት የቀረው ወላጅ አልባ ልጅም ያገኛት ነበር፤ ገና ያልተወለደውንም ትጠብቅ ነበር።

ሄቲ በ1867 ኤድዋርድ ግሪንን አግብታ ነበር፤ ለንደን ተሻገሩና ጥቂት ዓመት ቆዩ። ስትመለስ ዎል ስትሪት ገባች። ቀሪው ታሪኳ የታወቀ ነው፦ ያቺ ጥቁር ቀሚሷን የማትለውጥ፣ ሳንቲም የምትቆጥር፣ ጋዜጦች «የዎል ስትሪቷ ጠንቋይ» ያሏት ባለሀብት። የአክስቷ አደራ ገቢ በየጊዜው ይደርሳት ነበር። ላሟ ግን እንደታሰረች ነች። የፐርስ ሐሳብስ? ፍርድ ያልተሰጠበት ሐሳብ ምን ይሆናል? ሠላሳ ሁለት ዓመት ተኛ፤ ከዚያ በአንዲት ፊደል ምክንያት ተነሣ።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1900፣ ሰኞ። ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የባንክ ቤት ጸሐፊ የ25,000 ዶላር ቼክ ይዞ ቆመ። ቼኩ የባለጸጋው የዊሊያም ማርሽ ራይስ ነው፤ 84 ዓመታቸው፣ በቴክሳስ ነግደው የከበሩ፣ ልጅ የሌላቸው፣ በሂዩስተን ከተማ ትምህርት ቤት እንዲቆም ሀብታቸውን የተናዘዙ ሰው። የገንዘቡ ተቀባይ አልበርት ፓትሪክ የተባለ ጠበቃ ነው። ጸሐፊው ሊከፍል ሲል ዓይኑ ቆመ። ከጀርባ የፈረመው «አልበርት» ይላል፤ ቼኩ ላይ የተጻፈው ግን «አበርት»። ባለቼኩ የሚከፍሉትን ሰው ስም ይስታሉ? ወደ ራይስ ቤት ስልክ ተደወለ። አሽከራቸው አነሣና ቼኩ ትክክል ነው አለ። ባንኩ አልረካም፤ ራሳቸውን አቅርብልን አለ። መልሱ መጣ፦ ሚስተር ራይስ ትናንት ማታ አርፈዋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተተረተረ። ባንኩ ሂዩስተን ላሉት የራይስ ጠበቃ ለጄምስ ቤከር ቴሌግራም አደረገ። ፓትሪክ አስከሬኑ ቶሎ እንዲቃጠል ይጣደፍ ነበር፤ ተከለከለ። አሽከሩ በኋላ ተናዘዘ፤ ጌታውን በክሎሮፎርም የገደለው እሱ ራሱ ነው፣ ያዘዘው ፓትሪክ። ፓትሪክ ደግሞ ጁን 30 ቀን 1900 ተደረገ የተባለ አዲስ ኑዛዜ አወጣ፤ የትምህርት ቤቱ ሀብት ወደ እሱ ዞሯል። ብልጠቱን ለማየት፣ የራይስ ዘመዶች ድርሻ በዚህ ኑዛዜ ከፊተኛው ከፍ ብሏል፤ አንጀታቸው ለሐሰቱ እንዲራራ።

ኑዛዜው አራት ገጽ ነበር፤ በአራቱም ገጽ የራይስ ፊርማ አለ። በዚህ ጊዜ ፊርማውን የመረመሩት ባለሙያዎች ልዩነት በመፈለግ ጊዜ አላጠፉም። አራቱን ደረቧቸው። የ84 ዓመት ሽማግሌ እጅ አራት ጊዜ ተንቀሳቅሶ አራቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ይግባኙን የሰማው የኒው ዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ይህን መግጠም ከማስረጃዎቹ አንዱ አድርጎ ያዘው። ፓትሪክ ሞት ተፈረደበት፤ በ1906 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለት፤ በ1912 የኒው ዮርክ ገዥ ምሕረት አደረገለት። በዚያው ዓመት፣ ራይስ በተገደሉበት ቀን በሴፕቴምበር 23፣ የሂዩስተኑ ትምህርት ቤት በሩን ከፈተ። ዛሬ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ይባላል።

ሄቲ ግሪን ጁላይ 3 ቀን 1916 ሞተች፤ ሀብቷ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። አክስቷ ከሞቱ 51 ዓመት ከአንድ ቀን ነበር። በኒው ቤድፎርድ የአደራው መዝገብ ተከፈተና የጌዲዮን ሃውላንድ ተወላጆች ፍለጋ ተጀመረ፤ በየከተማው፣ በየስቴቱ ተበትነዋል፣ ስማቸው ተለውጧል፣ ቁጥራቸው በመቶዎች ሆኗል። ዊሊያም ኤመሪ የተባለ ሰው የዘር ሐረጋቸውን አጠናቅሮ በ1919 በመጽሐፍ አወጣው። ያቺ ያልተነካች ላም ተከፋፈለች። ድርሻቸውን ከወሰዱት ብዙዎቹ ሲልቪያ ሲሞቱ ገና አልተወለዱም ነበር።